አስታማሚን በፕሮጀክት ሚዛን መመዘን፦ ስለ ስድስት ኪሎ እኅቶች ለተጻፈው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በከተማችን የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳዮች ላይ አዘውትረው የሚጽፉ አንድ ጸሐፊ፣ በስድስት ኪሎ አካባቢ ስለሚገኘው የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤትና ስለ ማኅበራቸው መንፈሳዊ ውርስ ሰፊ ትችት አሳትመዋል። ማኅበሩ ባዕድ ነው፣ ከአገራችን የምንኩስና ባህልም ጋር አይገናኝም ይላሉ፤ መከራን እያወደሰ ሕክምናን ቸል ይላል ይላሉ። እኅቶቹ ለሥራ መዋል ያለበትን ሰዓት በጸሎት ያሳልፉታል፣ የገንዘባቸው አያያዝ ግልጽ አይደለም፣ መሥራቿም ቢሆኑ እምነታቸውን አጥተው እንደነበር የገዛ ደብዳቤዎቻቸው ይመሰክራሉ የሚሉ ነጥቦችም አክለዋል። በመጨረሻም ቤቱ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ቢለወጥ ለአገር ይበጃል ሲሉ ሐሳብ ያቀርባሉ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ምላሹም ያንኑ ጨዋነት ሊጠብቅ ይገባል።

አንባቢ ማን እንደሚናገር እንዲያውቅ አስቀድሜ ልግለጽ። እኔ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ለካቶሊክ ማኅበር ጥብቅና የምቆምበት የሃይማኖት ምክንያት የለኝም። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል 26 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ቤት ልብስ በማጠብ፣ ጥፍር በመቁረጥና ቁስል በማሰር እረዳለሁ። ትችቱን ደጋግሜ አንብቤ የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ጸሐፊው የአስታማሚን ሥራ በፕሮጀክት ሚዛን መዝነውታል፣ ስለዚህም በየነጥቡ የጎደለ ሆኖ አግኝተውታል።

የመጀመሪያው ነጥብ ባዕድነት ነው። ጸሐፊው ሰማያዊ ጥለት ያለውን ነጭ ሳሪ የባዕድነቱ ምልክት አድርገው አቅርበውታል። ማዘር ቴሬዛ ይህን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሱት እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1948፣ ለሃያ ዓመታት ያህል ከኖሩበት ከሎሬቶ እኅቶች ማኅበር ወጥተው ወደ ካልካታ ጎስቋላ ሰፈሮች ሲሄዱ ነበር። የመረጡትም ለሕንድ እንኳ የክብር ልብስ ስለነበረ አይደለም፤ ድኻ ሴት የምትለብሰው ርካሽ የጥጥ ጨርቅ ስለነበረ ነው። ሳሪዎቹ የሚሸመኑት በካልካታ አቅራቢያ ቲታጋር በሚባል ስፍራ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተቀምጠው በሚሠሩበት የሽመና ቤት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘው የተሰቀሉትን ባለ ጥለት ነጫጭ ነጠላዎች ያያል። አንድ ቅዳሜ ነጠላ ለብሼ በቤቱ በር ስገባ አንዲት ሕንዳዊት እኅት የነጠላዬን ጥለት በጣቷ ዳስሳ፣ የራሷን ሳሪ ጫፍ አጠገቡ አድርጋ፣ ምንም ሳትናገር ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ስለ ባዕድነት ባሰብኩ ቁጥር ያቺ እጅ ትታወሰኛለች።

ስለ ምንኩስና የተባለውም ረጋ ብሎ መታየት አለበት። በገዳሞቻችን ወደ ምንኩስና የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በረድእነት ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ እህል ይፈጫል፤ ቆቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኅቶቹም መንገድ እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ኪዳን ከመግባታቸው በፊት በርካታ ዓመታት በትምህርት፣ በጸሎትና በዝቅተኛ ሥራ ይፈተናሉ። ልዩነቱ ገዳሙ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1633 በፓሪስ የመጀመሪያዎቹን የድኾች አገልጋይ እኅቶች ሲያሰባስቡ፣ በዘመኑ ሕግ መነኵሲት ከገዳም ቅጥር መውጣት አይፈቀድላትም ነበር። እርሳቸው ግን ለእኅቶቻቸው ገዳማቸው የሕመምተኞች ቤት፣ በዓታቸው የኪራይ ክፍል፣ ቅጥራቸውም የከተማው ጎዳና እንዲሆን ሥርዓት አወጡላቸው። የማዘር ቴሬዛ ማኅበር ሌላ ማኅበር ቢሆንም የሚሄደው ያ ሥርዓት በከፈተው መንገድ ነው። ከዚሁ ከቅዱስ ቪንሰንት የካህናት ማኅበር የተላኩት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 አድዋ ሲገቡ የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው ኖሩ፤ ከእርሳቸው ጋር የተጓዙትና እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ያረፉት አባ ገብረ ሚካኤልም የመርጡለ ማርያም ሊቅ ነበሩ። በእምነታቸው የማይስማማ ሰው ሊኖር ይችላል፤ የአባ ገብረ ሚካኤልን ኢትዮጵያዊነት ግን ማንም ሊወስድባቸው አይችልም።

ጸሐፊው የዐፄ ሱስንዮስን ዘመን ማስታወሳቸው ተገቢ ነው። ካቶሊክነትን ተቀብለው የነበሩት ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ የፈሰሰው ደም ተረት አይደለም፤ ለሃይማኖቱ የሚሳሳ ሰው እነዚህስ ምን ሊያደርጉ መጡ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን እኅቶቹ ገና ሊመጡ ሲሉ ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የወሎ ረኃብ አገሪቱን ባስጨነቀበት ዓመት፣ እኅቶቻቸውን ለማምጣት ፈቃድ ሊለምኑ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። በሕይወት ታሪካቸው እንደተመዘገበው፣ ወደ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከመግባታቸው በፊት አንድ ባለሥልጣን ከመንግሥት ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው፤ ምንም እንደማይፈልጉ፣ እኅቶቻቸውን ለድኾች አገልግሎት ሊሰጡ እንደመጡ መለሱ። ሰውን እየሰበካችሁ ሃይማኖት ታስለውጣላችሁ ወይ ለሚለውም የፍቅር ሥራቸው ለሚሠቃየው ድኻ የእግዚአብሔርን ፍቅር እንደሚያሳይ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ፈቀዱ።

ቃሉ ተጠብቋል ወይ ለሚለው የዓይን ምስክርነቴን ልስጥ። በፍልሰታ ጾም ሁለት ድስት ይጣዳል፤ አንዱ ለማይጾሙት፣ ሌላው የሽሮ። ማን ጾመኛ እንደሆነ የሚያስታውሱት ከእኛ ይልቅ እኅቶቹ ናቸው። የንስሐ አባት የሚፈልግ የኦርቶዶክስ ሕመምተኛ ሲኖር ቄስ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ሙስሊሙም ከአልጋው አጠገብ ሲሰግድ አይቻለሁ። እኔንም እስከ ዛሬ ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነይ ያለችኝ እኅት የለችም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2016 ታጣቂዎች በየመን ኤደን ከተማ የእነዚሁ እኅቶች የአረጋውያን መጦሪያ ገብተው 16 ሰዎችን ሲገድሉ፣ ከሟቾቹ አራቱ እኅቶች ነበሩ፤ ሁለቱ ከሩዋንዳ፣ አንዷ ከኬንያ፣ አንዷ ከሕንድ። አብረዋቸው ከተገደሉት ረዳቶች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሰው አገር፣ የሰው አገር አዛውንት ሲያስታምሙ የሞቱ የእኛ ልጆች ናቸውና ስለ ማኅበሩ ባዕድነት ሲጻፍ ሊታለፉ ባልተገባ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ሕክምና ነው፤ እንደ ነርስነቴ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በጠቀሱት ጉዳይ እውነት አለ። የታወቀው የላንሴት የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ሮቢን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1994 የካልካታውን ቤት ጎብኝተው፣ የምርመራው ነገር ደካማ እንደሆነ፣ ከባድ ሕመም ላለባቸውም የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ በቂ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ይህ ተራ ስሕተት አይደለም፤ ማስታገሻ እያለ መስጠት ሲቻል ሳይሰጥ የቀረ ሥቃይ በየትኛውም ሃይማኖት ጽድቅ ሊሆን አይችልም፣ እኔም ይህንኑ ለእኅቶቹ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። ይሁን እንጂ እኚሁ ሐኪም የቤቱን ንጽሕና፣ የቁስል አያያዙንና ለሕመምተኞቹ የሚሰጠውን ርኅራኄ በዚያው ጽሑፍ አመስግነዋል። ጸሐፊው ግማሹን ጠቅሰው ግማሹን ትተዋል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በሆስፒታሎቻችን አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ምን እንደሚገጥመው ያላየ ሰው ይህን ቤት ሊረዳው አይችልም። የሐኪሙን ማዘዣ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት የሚሮጠው አስታማሚ ነው። ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ውጤቱን ተሰልፎ የሚቀበለው፣ ከቤት ምግብ አምጥቶ የሚያጎርሰው፣ ጀርባው እንዳይቆስል የሚያገላብጠው፣ ሌሊት ጋቢውን ከአልጋው ሥር አንጥፎ የሚተኛው እርሱ ነው። ሠላሳና አርባ ሕመምተኛ ለሁለት ነርስ በሚሰጥበት ክፍል ይህን ሁሉ እኛ ልንሸፍነው አልቻልንም። እናም አስታማሚ የሌለው ሰው፣ በሽታው የሚድን እንኳ ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ ይሞትብን ነበር።

አንድ አዛውንት ከአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ተነሥተው መጡልን። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏል፣ አንደበታቸውም ተይዟል፤ በካርዳቸው ላይ «ስሙ ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ። በ11ኛው ቀን ሐኪሙ ወጥተው ሊሄዱ ይችላሉ ብሎ ፈረመ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ያልተደወለበት ቦታ የለም፣ ሁሉም ሞልቷል አለ፤ አልጋው ስለሚፈለግ እስከ ግቢው በር አድርሷቸው የሚል ትእዛዝ ደረሰን። እኔና አንድ ባልደረባዬ ላዳ ተከራይተን ወደ ስድስት ኪሎ ይዘናቸው ሄድን። በሩ ላይ የተቀበለችን እኅት የሪፈር ወረቀቱን ከእጄ አልተቀበለችም። ከመኪናው ወለል ላይ ተንበርክካ አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋችና በተሰባበረ አማርኛ «አባባ፣ ስምዎ ማን ነው?» አለች። ዝም አሉ። ደግማ ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ሦስተኛ ጠየቀች። አዛውንቱም በሚጎተት ድምፅ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። 11 ቀን ከእኛ ጋር ሲቆዩ ከእኛ አንዳችን ይህን ያህል አልጠበቅናቸውም ነበር። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ይህ ሥራ ሕክምና ላይባል ይችላል፤ ያለ እርሱ ግን ሕክምናው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2005 ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ በገዛ ቤተሰባቸው ሳይቀር የተገፉ ሕሙማን ሲሞቱ የነበሩበትን ዘመን የእኔ ዘመን ነርሶች እናስታውሰዋለን። እነዚህ እኅቶች ሰው ኤችአይቪ ያለበትን በእጁ ለመንካት በሚፈራበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የገና ዋዜማ በኒው ዮርክ ለኤድስ ሕሙማን ቤት ከፍተዋል፤ በከተማችንም በአስኮ ቫይረሱ በደማቸው ላለባቸው ሕፃናት መኖሪያ ከፍተዋል። መከራን ያወድሳሉ የተባለው ቃል ከዚህ ጋር አይገጥምም። መከራውን ያዩት ሸሽተውት ሳይሆን ጠጋ ብለውት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጸሎቱ ሰዓት ነው። የእኅቶቹ ቀን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ ነው፤ ጸሎትና ቅዳሴ ይቀድማል፣ ሥራ ይከተላል። ከዚህም በተጨማሪ በየቀኑ አንድ ሰዓት በቅዱስ ቁርባን ፊት ይቀመጣሉ፤ ይህም ልማድ የጸናው ወደ አዲስ አበባ በመጡበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ጸሐፊው ይህን ሰዓት ከሥራው ቀንሰው አስበውታል። እኔ በ26 ዓመት ውስጥ ብዙ ደጋግ ነርሶች ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲደርቁ፣ ሲበሳጩ፣ ሕመምተኛውን በቁጥር ሲጠሩ አይቻለሁ፤ ራሴንም አልለይም። እነዚያ እኅቶች በሠላሳኛው ዓመታቸውም ያንኑ ቁስል በዚያው ትዕግሥት ሲያጥቡ ሳይ፣ እነርሱና እኛ በምንቀዳው ምንጭ ከዚያ ሰዓት በቀር ሌላ ልዩነት አላገኘሁም። ጸሎቱም ቢሆን በሥራው ላይ በር አይዘጋም። ቅዱስ ቪንሰንት በጸሎት ላይ ሳሉ ድኻ ቢጠራችሁ ተነሡ፣ እግዚአብሔርን ስለ እግዚአብሔር መተው ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እኚያ አዛውንት በመጡ በ23ኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሲያጣጥሩ፣ በሩን የከፈተችላቸው እኅት ከጸሎት ቤቱ ተጠርታ ወጥታ እስከ መጨረሻይቱ እስትንፋስ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ስለ ገንዘብ የተነሣውን ጥያቄ ባጭሩ ልለፈው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ማዘር ቴሬዛ በብዙ ሰዎች ገንዘብ ማጭበርበር ከተፈረደበት ከአሜሪካዊው የባንክ ሰው ከቻርለስ ኪቲንግ ስጦታ ተቀብለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም ዳኛው እንዲራራለት ደብዳቤ ጽፈውለታል። ይህን ማስተባበል አልችልም፣ አልፈልግምም። ምጽዋት የሚሰጥ ሁሉ ገንዘቡ የት እንደዋለ የማወቅ መብት አለው፤ ማኅበሩም ሒሳቡን ይበልጥ ቢገልጥ የሚጎዳው ነገር የለም። ነገር ግን እኅቶቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የግል ንብረታቸው ጥቂት ሳሪና ልብሳቸውን የሚያጥቡበት ባልዲ ነው። ከድኽነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት ቃል ኪዳን በላይ አራተኛ ቃል ኪዳን አላቸው፤ ይኸውም ከድኾች ሁሉ ድኻ ለሆኑት በሙሉ ልብና በነጻ ማገልገል ነው። ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ይህንንም አብሮ ሊጽፈው ይገባል።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙትን የማዘር ቴሬዛን ደብዳቤዎች ጠቅሰው፣ ሴትዮዋ ለግማሽ ምዕት ዓመት የማያምኑትን ሲሰብኩ ኖረዋል ይላሉ። ደብዳቤዎቹ ስለ ጨለማ እንደሚናገሩ እውነት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 1950 ከተመሠረተበት ጊዜ አካባቢ ጀምሮ የእግዚአብሔር መገኘት ለነፍሳቸው አልሰማ እንዳለ፣ የሚጸልዩት ጸሎት ባዶ እንደሆነባቸው ለነፍስ አባቶቻቸው ጽፈዋል፤ ደብዳቤዎቹም እንዲቃጠሉ ለምነው ነበር። ይሁን እንጂ አለመሰማትና አለማመን አንድ አይደሉም። እምነቱን ያጣ ሰው ለማን ይጽፋል? የነፍስ አባቱን ለምን ይለምናል? እ.ኤ.አ. በ1961 የኢየሱሳውያን ካህን የሆኑት አባ ዮሴፍ ኖይነር የጨለማውን ትርጉም ሲያስረዷቸው፣ ከ11 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማውን መውደድ እንደጀመሩ ጽፈውላቸዋል። ስማቸውን የወሰዱባት የሊዝዩዋ ቅድስት ቴሬዛም እ.ኤ.አ. በ1897 በ24 ዓመቷ ከማረፏ በፊት በነበሩት ወራት በተመሳሳይ የእምነት ፈተና አልፋለች።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በስቅለት ዕለት ቆመን፣ ወድቀን እየሰገድን «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» የሚለውን የምንሰማ ሕዝብ ነን፤ ያን ጩኸት ክህደት ነው ያለ አንድም አባት የለም። በማኅበሩ የጸሎት ቤቶች ሁሉ ከመስቀሉ ጎን «ተጠማሁ» የሚል ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተወሰደ ቃል ተጽፏል። ማዘር ቴሬዛ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1946 በባቡር ወደ ዳርጂሊንግ ሲጓዙ የሰሙት ጥሪ በዚህ ቃል ላይ የቆመ ነው። ጥማቱን ለማርካት የሚሄዱት ደግሞ «ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት» ወደተባለላቸው ሰዎች ነው። መሥራቿ የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማት ባቆሙባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ጥማት ትተው አልተመለሱም። የማኅበሩ መንፈሳዊ ውርስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ስለ ውርሱ በጻፉት ረጅም ክፍል ውስጥ ይህ ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሰም።

የቀረው ቤቱን ወደ ሙያ ማሠልጠኛ የመለወጥ ሐሳብ ነው። ጸሐፊው በሃምሳ ዓመት ከዚያ ግቢ ስንት ሰው ተመርቆ ወጣ ብለው ይጠይቃሉ። ማሠልጠኛ ለከተማችን ያስፈልጋል፤ ይከፈት፣ እኔም አቅሜ የፈቀደውን አዋጣለሁ። ነገር ግን ማሠልጠኛው የሚቀበለው መቀመጥና መቆም የሚችለውን ነው። እኅቶቹ የሚቀበሉት ደግሞ እድር የሌለውን፣ ዘመድ ያልጠየቀውን፣ ለጸበል ከሩቅ አገር እንጦጦ መጥቶ መንገድ ላይ የወደቀውን ነው። ከእነዚህ መካከል የሚሞቱት ብዙዎች ስለሆኑ ቤቱ በምሩቃን ቁጥር ሲለካ ባዶ ሊመስል ይችላል። አዛውንቱ ባረፉ ማግስት አንሶላው ተቀይሮ በዚያው አልጋ ላይ የሳንባ ነቀርሳ የነበረበት የ19 ዓመት ወጣት ተኛ። መድኃኒቱን በየጠዋቱ እዚያው አልጋው ላይ እያዩት ስድስት ወር ዋጠ፤ ሲድንም የአገሩ አውቶቡስ የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቃ፣ ዳቦ በፌስታል ቋጥራ በሩ ድረስ የሸኘችው ያችው እኅት ነበረች።